በድረ ገጽ በኩል ለሚመጣው ባለጉዳይ የሚሰጥ መልስ

ማመልከቻ ይዞ ወደ መሥሪያ ቤት የሚመጣ ባለጉዳይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ነገር ምንድን ነው? ጉዳዩ በዚያው ቀን ቢያልቅለት ይወድ ነበር፤ ነገር ግን እንደማያልቅ እሱም ያውቀዋል። የሚፈልገው፥ ማመልከቻው በመዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ፥ ቁጥርና ቀን ተጽፎበት፥ ማኅተም ሲያርፍበት በዐይኑ ማየት ነው። ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ በደረት ኪሱ ከከተተ በኋላ «ነገ ተመለስ» ቢሉትም እንኳ ይዞት የሚመለስ ነገር አለው። ቁጥር ያልተሰጠው ባለጉዳይ ግን ደጅ ጠኚ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ያነሣነው ስለ አሮጌው መዝገብ ቤት ለማውራት ብለን አይደለም። ዛሬ ብዙ መሥሪያ ቤቶች፥ ባንኮችና ዩኒቨርሲቲዎች በየድረ ገጻቸው ላይ «ያግኙን» የሚል ገጽ ከፍተዋል። ገጹ ሲከፈት ስም፥ ኢሜይል፥ ጉዳይና መልእክት የሚጻፍባቸው ሳጥኖች ይታያሉ፤ ከሥራቸው «ላክ» የሚል ቁልፍ አለ። ባለጉዳዩ ሳጥኖቹን ይሞላና ቁልፉን ይጫናል። ከጅማም ሆነ ከደሴ አዲስ አበባ ድረስ የአውቶቡስ ከፍሎ መምጣት ቀረለት ማለት ነው፤ በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ የሚኖረውም ወገናችን ስለ ውክልናና ስለ ልደት ማስረጃ የሚጠይቀው በዚሁ በር ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ቁልፉ ከተጫነ በኋላ ምን ይሆናል? በዛሬው ጽሑፋችን ልንነጋገርበት የፈለግነው ጉዳይ ይኸው ነው።

ቅጹ ሲላክ ሁለት ደብዳቤዎችን ሊጽፍ ይችላል። አንደኛው ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚሄደው ሲሆን፥ እገሌ የሚባል ሰው ይህን ጽፏል ብሎ ለሠራተኛው ያስታውቃል። ሁለተኛው ወደ ባለጉዳዩ የሚመለሰው ነው፤ መልእክትዎ ደርሶናል ይላል። ሁለቱንም የሚልካቸው ማሽን ነው። ቃላቸውን ያወጣው ግን ቅጹን የሠራው ባለሙያ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ የአገራችንን የመሥሪያ ቤት ልማድ የማያውቅ፥ በሩቅ አገር የተቀመጠ ሰው ነው። ለምሳሌ ያህል ዎርድፕሬስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ የሚተከለውን ኮንታክት ፎርም 7 የተባለውን ቅጽ እንውሰድ። ዎርድፕሬስ የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ሲሆን፥ ቅጹን ታካዩኪ ሚዮሺ የተባለው ጃፓናዊ ባለሙያ በ2007 አዘጋጅቶ በነጻ ሰጠው። ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ድረ ገጾች ይሠሩበታል። ቅጹ ሲተከል ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚላከው ደብዳቤ ተዘጋጅቶ ይገኛል፤ ወደ ባለጉዳዩ የሚመለሰው ግን ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ አንድ ሰው አስቦ ካልከፈተው በቀር አይላክም። ስለዚህ ባለጉዳዩ የሚያየው፥ ስለ መልእክትዎ እናመሰግናለን፥ ተልኳል የምትል አንዲት መስመር በስክሪኑ ላይ ብቻ ይሆናል። ገጹን ሲዘጋው እርሷም ትጠፋለች። ቁጥር የለ፥ ቀን የለ፥ ማኅተም የለ።

«ተልኳል» ማለትስ ምን ማለት ነው? ደብዳቤው ከድረ ገጹ ወጥቶ ለፖስተኛው ተሰጠ ማለት ነው እንጂ፥ መሥሪያ ቤቱ ተቀበለው ማለት አይደለም። ፖስተኛው መንገድ ላይ ቢጥለው ይህ ቅጽ በራሱ ግልባጭ አያስቀርም፤ መልእክቱን በመዝገብ የሚያስቀምጥ ሌላ ተጨማሪ መሣሪያ ካልተተከለለት በቀር የባለጉዳዩ ቃል እንደ ጢስ በኖ ይቀራል። እንግዲህ መዝገብ ቤት የሌለው መሥሪያ ቤት ይታሰባልን? ቅጹን ያለ መዝገብ የከፈተ ግን ይህንኑ ነው ያደረገው።

ብዙ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ይህን ሲሰሙ «ይህ የኮምፒዩተር ክፍሉ ሥራ ነው» ይሉን ይሆናል። በበኩላችን ይህን አንቀበለውም። የኮምፒዩተር ባለሙያው የደብዳቤው ቃል በየትኛው ሳጥን እንደሚጻፍ ያውቃል፤ ምን መጻፍ እንዳለበት ማወቅ ግን የእርሱ ድርሻ አይደለም። በወረቀት ዘመን ከመሥሪያ ቤቱ የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ ረቂቅ ይዘጋጅለት፥ ይታረም፥ ይፈረምበት ነበር፤ አንድ ቃል ስለ ተሳሳተ ብቻ ታይፒስቷ ገጹን እንደገና ትመታው ነበር። ዛሬ በቀን መቶ ጊዜ በመሥሪያ ቤቱ ስም የሚወጣውን ደብዳቤ ማንም ሳያነበው ሲሄድ ይኖራል። ያረቀቀው የለም፥ የፈረመበትም የለም፤ የተቀበለው ሰው ግን የመሥሪያ ቤቱ ቃል አድርጎ ያነበዋል።

ከሰላምታው እንጀምር፤ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከዚሁ ነውና። ከውጭ የመጣው ቅጽ ስምን በሁለት ሳጥን ይከፍለዋል፤ የራስ ስምና የቤተሰብ ስም ብሎ። ለፈረንጅ ይህ ልክ ነው። በኛ ዘንድ ግን ሁለተኛው ስም የአባት ነው። ወይዘሮ አልማዝ ተሰማ ሞልታ ብትልክ፥ ደብዳቤው «ውድ ሚስተር ተሰማ» ብሎ ይመለሳል፤ ከሃያ ዓመት በፊት የተቀበሩት አባቷ ስለ ላኩት መልእክት ምስጋና ደረሳቸው ማለት ነው። በአንደኛው ስም ብቻ ይጠራ የሚለውም ዘዴ ከችግር አያወጣም። ገብረ መድኅን፥ ወልደ ሚካኤል፥ ወለተ ኪዳን፥ ኃይለ ማርያም የሚባል ስም ያለው ሰው በልማዱ ሁለቱን ቃላት ለያይቶ ይጽፋቸዋል፤ ፊተኛውን ቃል ቆርጦ የሚወስድ ማሽን «ውድ ገብረ» ብሎ ይጽፍለታል። የማን አገልጋይ እንደ ሆነ ሳይነገረው የቀረው ሰው ቢስቅ ደግ ነው፤ ቢቀየም ግን አይፈረድበትም። መድኀኒቱ ቀላል ነው። «ሙሉ ስም» የሚል አንድ ሳጥን ብቻ ይበጅ፤ ደብዳቤውም እንደ አገራችን ሥርዐት «ለ» ብሎ ሙሉ ስሙን እንዳለ ይጥራ።

ሁለተኛው ነገር የአክብሮት አነጋገር ነው። በእንግሊዝኛ «አንተ» «አንቺ» «እርስዎ» ሁሉም አንድ ቃል ስለ ሆነ፥ ያዘጋጀው ሰው ስለዚህ አላሰበም። ቃሉ በማሽን ወደ አማርኛ ሲመለስ ብዙ ጊዜ «መልእክትህ ደርሶናል» ሆኖ ይወጣል። ይህን ለአንዲት የሰባ ዓመት እናት የሚልክ መሥሪያ ቤት ምን ይባላል? ጎንደርና ጎጃም ቢሆን «አንቱ» የሚባሉ ሰው ናቸው! የአማርኛ ግሥ ወንድና ሴትን ይለያል፥ ታናሽና ታላቅን ይለያል፤ ማሽኑ ደግሞ ከሳጥኑ ወዲያ ያለውን ሰው አያየውም። እንግዲህ «እርስዎ» የሚለው ቃል ሁሉንም ስለሚያከብርና ማንንም ስለማያስቀይም፥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእርሱ መጻፍ ነው። ሰላምታውን በእርስዎ ጀምሮ ታች ላይ «ይህን ቁልፍ ተጫን» የሚል ደብዳቤ አይተናል፤ እንዲህ ያለው የተለጣጠፈ ቃል ደብዳቤው በሰው እጅ እንዳላለፈ ወዲያው ያሳብቃል።

ስለ ቀንና ስለ ሰዓትም አንድ ነገር መናገር ይገባናል። ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒዩተር ብዙ ጊዜ የሚቈጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ የኛ ሰዓት ደግሞ ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል። በዚህ ላይ እኛ ቀኑን የምንቈጥረው ከንጋት ጀምረን ነው። ስለዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የተላከ ማመልከቻ በማሽኑ ደብዳቤ ላይ «12፡00» ተብሎ ይጻፋል። ባለጉዳዩ ይህን ሲያነብ ከምሽቱ 12 ሰዓት፥ መሥሪያ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ የላከ መስሎት ይደነግጣል። የማመልከቻው ጊዜ የሚያልቅበት ቀን ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከመደናገጥ ያልፋል፤ ክርክር ያመጣል። የቀኑ አጻጻፍም እንዲሁ ነው። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. በአሜሪካኖች ልማድ «09/11/2025» ተብሎ ይጻፋል። አውሮፓዊው ይህንኑ ኖቬምበር 9 ብሎ ያነበዋል፤ የኛ ሰው ደግሞ 9ኛው ወር ግንቦት፥ 11ኛውም ሐምሌ መሆኑን ስለሚያውቅ ሌላ ግራ መጋባት ይጨመርለታል። የወሩ ስም በቃል ይጻፍ፤ የኛው አቈጣጠር ይቅደም፤ ባለጉዳዩ ውጭ አገር የሚኖር ከሆነ የአውሮፓው ከጎኑ ይከተል። ማሽኑ ይህን እንዲያሰላ ማድረግ ለአንድ የኮምፒዩተር ተማሪ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ጳጉሜን ግን አደራ! ዓመቱን 12 ወር ብቻ አድርጎ የሚያስብ ፕሮግራም በዚያች ወር ምን እንደሚጽፍ አስቀድሞ መፈተን ያስፈልጋል።

ስለ ፊደላችንም ማንሣት ግድ ነው። የኢሜይል ሥርዐት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 በደንብ ሲጻፍ የሚያውቀው 128 ምልክቶችን ብቻ ነበር፤ እነርሱም ለእንግሊዝኛ የሚበቁ ናቸው። ፊደላችን ዩኒኮድ ከተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 ነው። ዛሬ ኢሜይል አማርኛን አሳምሮ ይሸከማል፤ ነገር ግን የደብዳቤው ሆድ እንጂ ራስጌው አሁንም ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ጉዳዩ» የሚለው መስመር በዚያ በአሮጌው ደንብ ላይ ስለ ቆመ፥ አማርኛ ሲጻፍበት በምስጢር እንደሚጻፍ ያህል ወደ ላቲን ምልክቶች ተለውጦ ነው የሚጓዘው። አንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ተለውጦ ሲጻፍ 4 ምልክት ይሆናል፤ ደንቡ ደግሞ አንዱ ቍራጭ ከ75 ምልክት እንዳይበልጥ ስለሚያዝ፥ የለውጡ ማስታወቂያ ሲቀነስ በአንድ ቍራጭ የሚገባው 15 ፊደል ብቻ ነው። በደንብ የተሠራ ፕሮግራም ይህን ሁሉ በራሱ ያደርገዋል። ያልተሠራው ግን «ጉዳዩ» በሚለው ቦታ ላይ ተርታውን የጥያቄ ምልክት ይደረድራል። በዚህ ምክንያት የሚመጣውን ነገር ሳናይ «አማርኛ አይሠራም፥ በእንግሊዝኛ ይሁን» ብለው የሚወስኑ አሉ። የሚሠራ ነው። ሌላም አንድ ነገር አለ፤ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፊደል መሣሪያዎች የተጻፈ የቆየ ረቂቅ ወደ ቅጹ ቢገለበጥ፥ ፊደሉ ተገፎ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይወጣል። ረቂቁን አዲስ አድርጎ መጻፍ እንጂ መገልበጥ አይበጅም።

አሁን ደግሞ ወደ ላኪው ስም እንምጣ፤ ብዙ ደብዳቤ የሚጠፋው በዚህ ነውና። ዎርድፕሬስ በሌላ ካልታዘዘ በቀር በላኪው ስም ቦታ የራሱን ስም ይጽፋል። ባለጉዳዩም «ዎርድፕሬስ የሚባል ፈረንጅ ደብዳቤ ጻፈልኝ» ብሎ ሳያነበው ይጥለዋል። ይህን ያዩ አንዳንድ ባለሙያዎች ደግሞ ወደ መሥሪያ ቤቱ በሚሄደው ደብዳቤ ላይ የባለጉዳዩን ኢሜይል የላኪው አድራሻ አድርገው ያስገቡታል። መልካም ሐሳብ ይመስላል፤ ግን አይደለም። በጥንቱ የኢሜይል ደንብ ማንም ሰው በፖስታው ላይ የፈለገውን ስም ጽፎ መላክ ይችል ነበር፤ አጭበርባሪው በዛና ዘበኛ አስፈለገ። አሁን ደብዳቤ ተቀባዮቹ ትላልቅ ድርጅቶች ደብዳቤው በእውነት ከተባለው ቤት መውጣቱን ይመረምራሉ፤ ኤስ ፒ ኤፍ፥ ዲኪምና ዲማርክ የሚባሉት ሦስቱ ምርመራዎች እነዚህ ናቸው። ጉግልና ያሁ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2024 የካቲት ወራቸው ጀምሮ ይህን ምርመራ በላኪዎች ላይ አጥብቀዋል። የመሥሪያ ቤቱ ማሽን «እኔ አልማዝ ነኝ» ብሎ ቢመጣ ዘበኛው ያባርረዋል፤ ደብዳቤውም ወይ የማይፈለግ ነገር በሚጣልበት ሳጥን ይወድቃል፥ ወይም ጭራሹን አይገባም።

ልኩ እንዲህ ነው። ላኪው የመሥሪያ ቤቱ የራሱ አድራሻ ይሁን፤ «መልስ ወደዚህ ይላክ» በሚለው መስመር ላይ ግን የባለጉዳዩ አድራሻ ይግባ። ይህች መስመር ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ያስለቀሰች ናት። ባዶዋን ከቀረች፥ ትጉው ሠራተኛ ደብዳቤውን አንብቦ፥ አስቦ፥ መልሱን ጽፎ «መልስ» የሚለውን ቁልፍ ሲጫን፥ መልሱ ተመልሶ ወደ ራሱ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሳጥን ይገባል። ሠራተኛው መልስ ሰጥቻለሁ ይላል፤ ባለጉዳዩ ምንም አልደረሰኝም ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፥ ሁለቱም ይጣላሉ።

ለባለጉዳዩ በሚሄደው ደብዳቤ ላይ ደግሞ «ለዚህ ኢሜይል መልስ አይጻፉ» የሚል ማስጠንቀቂያ የማተም ልማድ አለ። ለምን እንደ ተፈለገ ይገባናል፤ ሳጥኑን የሚያነብ ሰው ስላልተመደበ ነው። አንድ ሰው ጥያቄ ጠይቆን «ደርሶናል፥ ነገር ግን ከእንግዲህ አታናግረን» ብንለው ግን ምን ይሰማዋል? ሰው መመደብ ይሻላል። ሆኖም ማሽን ለማሽን መልስ እንዳይጽፍ መጠንቀቅ ያሻል። ባለጉዳዩ ለዕረፍት ወጥቶ የእርሱም ኢሜይል በራሱ የሚመልስ ከሆነ፥ ሁለቱ ማሽኖች «እናመሰግናለን» «እኔም አመሰግናለሁ» ሲባባሉ ሊያድሩ ይችላሉ። ለዚህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 የወጣ ደንብ አለ፤ በማሽን የተጻፈ ደብዳቤ በራስጌው ላይ ይህንኑ የሚያስታውቅ ምልክት እንዲይዝ፥ ምልክቱን ያየ ማሽንም ዝም እንዲል ያዛል። ባለሙያውን ስለዚህ ምልክት ጠይቁት።

ባለጉዳዩ የጻፈውን መልእክት እንዳለ ገልብጦ መመለስ ይገባልን? በዚህ ነገር አሳባቸው የሚለያይ ብዙ ናቸው። ባለጉዳዩ የጻፈውን ግልባጭ ማግኘት መብቱ ነው የሚሉት ሰዎች ክርክር ክብደት አለው። ይሁን እንጂ ቅጹን የሚሞላው ሁሉ የራሱን አድራሻ ነው የሚያስገባው ማለት አይቻልም። ክፉ ሰው የሌላውን ሰው ኢሜይል ጽፎ፥ በመልእክቱ ሳጥን ውስጥ የማጭበርበሪያ ቃል ቢያስገባ፥ መሥሪያ ቤቱ ያንን ቃል በራሱ ስምና በራሱ ማኅተም ለሌላው ሰው አደረሰለት ማለት ነው። ይህ በሐሳብ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 ማት ራይት የተባለው አሜሪካዊ ወጣት ፎርምሜይል የተባለ የመልእክት ቅጽ አዘጋጅቶ በዓለም ሁሉ ተሰራጨ። ተቀባዩ ማን እንደ ሆነ የሚነገረው በገጹ ላይ በተደበቀ መስመር ስለ ነበረ፥ አጭበርባሪዎች መስመሩን እየለወጡ በሰው ማሽን ላይ ለማያውቋቸው ሰዎች የማስታወቂያ ጎርፍ ለቀቁበት። ከዚያ ወዲህ የተቀባዩ አድራሻ በገጹ ላይ ሳይሆን በማሽኑ ውስጥ እንዲቀመጥ፥ በስምና በጉዳይ ሳጥኖችም ውስጥ አዲስ መስመር ከፍቶ ሌላ ተቀባይ መጨመር እንዳይቻል ይደረጋል።

ስለዚህ የኛ ፍርድ ይህ ነው፤ በመልሱ ላይ ባለጉዳዩ ከዝርዝር መርጦ ያመለከተው የጉዳይ ዐይነት ይጻፍ፤ በእጁ የጻፈው ቃል ግን በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ይቀመጥ። ሌላም ምክንያት አለን። ሰው በቅጹ ላይ የሚጽፈው ነገር ብዙ ጊዜ የግል ምስጢሩ ነው፤ የፋይዳ ቁጥሩን፥ የሂሳብ ቁጥሩን፥ የቤተሰብ ጠቡን ይጽፍበታል። አንድን የኢሜይል ሳጥን ባልና ሚስት፥ ልጅና አባት በጋራ ይጠቀሙበታል፤ ስልኩም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

እንግዲህ ደብዳቤው ምን ይምሰል? ለምሳሌ ያህል እኛ እንዲህ ብለን አርቅቀነዋል።

«ለአልማዝ ተሰማ፥ ጉዳዩ፦ ስለ ንግድ ፈቃድ እድሳት። መልእክትዎ መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ደርሶናል። የመዝገብ ቁጥርዎ 0412 ነው። ጉዳዩ ለፈቃድ ክፍል ተመርቷል፤ እስከ መስከረም 15 ቀን ድረስ መልስ ይሰጥዎታል። በተባለው ቀን መልስ ካልደረስዎ በዚሁ ኢሜይል ይጻፉልን፤ ወይም የመዝገብ ቁጥርዎን ይዘው ከዚህ በታች ባለው ስልክ ይጠይቁ። ይህ ማስታወቂያ በማሽን የተላከ ነው፤ መልሱን የሚጽፍልዎ የክፍሉ ሠራተኛ ነው። ይህን መልእክት የላኩት እርስዎ ካልሆኑ ያስታውቁን።»

ሥዕል የለበትም፥ በቀለም ያጌጠ አርማም የለበትም፤ ባለጉዳዩ በስልኩ ዳታ እየከፈለ የሚያነበው ነውና። ኢሜይል የሌለው ሰው በስልኩ መልእክት ይላክለት። በስልክ መልእክት ላይ በላቲን 160 ምልክት ሲገባ በአማርኛ የሚገባው 70 ብቻ ነው፤ «ማመልከቻዎ ደርሶናል። ቁጥር 0412። መልስ እስከ መስከረም 15።» የሚለው ግን ተርፎት ይገባል።

አንዳንድ ኀላፊዎች እንዲህ ያለውን ደብዳቤ እንደማይወዱት እናውቃለን። «ቁጥርና ቀን ከሰጠነው እኮ መልሶ ይጠይቀናል» ይላሉ። አዎን፥ ይጠይቃል። ቁጥር የሚሰጠው እንዲጠየቅበት ነው። ቀኑ ግን የሚፈጸም ቀን መሆን አለበት። «በ24 ሰዓት ውስጥ እንመልሳለን» የሚለውን ቃል ከተዘጋጀው ደብዳቤ ላይ ሳያነሡ የተዉ መሥሪያ ቤቶች፥ ቅዳሜ ማታ ለጻፈውም ሰው ይህንኑ ቃል እየገቡ ነው። ክፍሉ በእውነት በአምስት የሥራ ቀን የሚመልስ ከሆነ አምስት ይጻፍ፤ አሥርም ከሆነ አሥር። ቀኑን የሚወስነው ክፍሉን የሚመራው ሰው ነው፤ ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ ከራሱ አምጥቶ ሊጽፈው አይገባም።

ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚሄደውን ደብዳቤ ባጭሩ እናንሣ። የሁሉም ርእስ «ከድረ ገጽ የመጣ አዲስ መልእክት» ከሆነ፥ ሠራተኛው ሰኞ ጠዋት ሳጥኑን ሲከፍት አንድ መልክ ያላቸው ስድሳ ደብዳቤዎች ተሰልፈው ያገኛል፤ የትኛው የሚቸኩል እንደ ሆነ ሳይከፍት አያውቅም። በርእሱ ላይ መጀመሪያ የመዝገብ ቁጥሩ፥ ቀጥሎ የጉዳዩ ዐይነት ይግባ፤ ባለጉዳዩ በመረጠው ጉዳይ መሠረትም ደብዳቤው በቀጥታ ለሚመለከተው ክፍል ይመራ። አድራሻው የክፍሉ እንጂ የአንድ ሰው አይሁን። ቅጹ ሲተከል የአንድ ሠራተኛ የግል ኢሜይል ተሰጥቶ፥ ያ ሰው ተዛውሮ ወይም ሥራ ለቆ ከሄደ በኋላ የሕዝብ ማመልከቻ ለዓመታት ወደ እርሱ ሲጎርፍ መኖሩ የሚያጋጥም ነገር ነው። ባለጉዳዩ ይጽፋል፤ ስክሪኑም «ተልኳል» ይለዋል፤ የማይዋሽ ማሽን ነው፥ በእርግጥም ልኮታል።

ኮምፒዩተር የምትማሩም ሆናችሁ በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ የተቀጠራችሁ ወጣቶች፥ ድረ ገጹ በእጃችሁ ባይሆንም ይህን መመርመር ትችላላችሁ። የመሥሪያ ቤታችሁን ቅጽ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ከቤታችሁ ሆናችሁ ሙሉት። ስም የሚለው ቦታ ላይ «ገብረ ክርስቶስ» ብላችሁ በሁለት ቃል ጻፉ። ጉዳዩን በአማርኛ አድርጉት፥ ረዘም ያለ ይሁን፤ ከ15 ፊደል ይለፍ። በሦስት ልዩ ልዩ ድርጅት የኢሜይል አድራሻ ሦስት ጊዜ ላኩ፤ አንዱ የተቀበለውን ሌላው ይጥለው ይሆናል። በማግስቱ ቢሮ ስትገቡ ደብዳቤው ማን ዘንድ እንደ ደረሰ ጠይቁ፤ የደረሰውም ሰው «መልስ» የሚለውን ተጭኖ አንድ ቃል ይጻፍላችሁ፤ ወደ እናንተ ሳጥን ይመጣ እንደ ሆነ ታያላችሁ። ከዚያም በደብዳቤው ግርጌ ወደ ተጻፈው ስልክ ደውሉና የመዝገብ ቁጥራችሁን ተናገሩ። ስልኩን ያነሣው ሰው ቁጥሩ ምን እንደ ሆነ መልሶ ከጠየቃችሁ፥ የቀረው ሥራ ድረ ገጹ ላይ አይደለም።